ሊጡ ውስጥ አይጥ ገባ

ኩዌት፣ ሜይ 28 ቀን 1979

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ሶሳማ፣

የቅዱስ ቶማስ አምላክ አንቺንም አባባንም በጤና ያቆይልኝ። እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም። የክፍላችን ማራገቢያ ትኩስ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ የለውም። ስድስት ሆነን እንተኛለን፤ አምስቱ ያንኮራፋሉ፤ እኔ እሰማለሁ።

የአባባ እግር እንዴት ሆነላቸው? ዓይናቸውስ? ጋዜጣውን አሁንም አንቺ ነሽ የምታነቢላቸው? ባልሽ፣ ወንድሜ ቫርኪ፣ ከሞተ በኋላ ያን ቤትና እሳቸውን ብቻሽን ችለሽ መኖርሽን አስባለሁ። ፊት ለፊት አመስግኜሽ አላውቅም፤ ይኸው ጻፍኩት።

የጎረቤትሽ ልጅ ታምፒ ከፈቃዱ ወደ ክፍላችን ተመልሷል። እናቱ የላከችውን በበርበሬ የተዘፈዘፈ ማንጎ ክፍሉ በሁለት ቀን ጨረሰው። አረንጓዴውን የሳሪ ልብስ እንዳደረሰልሽ ነግሮኛል። የእህቴ የአሌያማ ነው፤ ማድራስ ላክሽላት? ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰው አገባች ብለው አባባ ስሟን ከቤት ካስወጡ ስንት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን ሰልችቶኛል። በዲሴምበር ፈቃድ አለኝ። መጀመሪያ ማድራስ ሄጄ እሷን ይዤ ነው የምመጣው። አባባ በሩን ከዘጉብን ሁለታችንም በረንዳ ላይ እናድራለን፤ ዝናብ ከመጣ ያዝኑልናል። ሳይሞቱ ማስታረቅ አለብኝ። ብቻ የምጽፍላት ደብዳቤ መልስ የለውም። ቤት ቀይራ ይሆን? አዲሱን አድራሻዋን ላኪልኝ።

አንድ የሚያስቅ ነገርም ሰማሁ። ዘንድሮ ለጸሎተ ሐሙስ ቂጣ አልጋገርሽም አሉ። «ሊጡ ውስጥ አይጥ ገባ» ብለሽ። የታምፒ እናት «ሌላ ሊጥ ላምጣልሽ» ስትልሽ እምቢ አልሽ፤ ማታ የተጋገረውን ስታመጣልሽ ግን ተቀበልሽ። «እትዬ ሶሳማ ሰነፈች!» እያለ ታምፒ ሲስቅ አመሸ። እኔም ሳቅኩ። የእናንተ አይጥ ጾም እንኳ አያከብርም?

ታናሽ ወንድምሽ፣
ኩሩቪላ


ኮቺላት ቤት፣ ኮታያም አጠገብ፣ ጁላይ 19 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኩሩቪላ፣

ሰላምታዬ በረከት ይዞ ባለህበት ይድረስህ። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር በለኝ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ወንዙ መንገዱን በልቶት ፖስተኛው ሲጠፋ ከረመ።

አባባ ደህና ናቸው። እግራቸው ሲያብጥ በእግራቸው ይቆጣሉ፤ ሲቀንስላቸው በወጡ ይቆጣሉ። ጋዜጣ በየጠዋቱ አነብላቸዋለሁ። የሟቾች ፎቶ የሚወጣበትን ገጽ ከሁሉ በፊት ነው የሚያስነብቡኝ። «እስቲ ዛሬ ማን ቀደመኝ?» ይላሉ። የሚያውቁት ሰው ከሌለ ቅር ይላቸዋል።

ሳሪው ደርሶኛል። ቀለሙ አዲስ የበቀለ ሩዝ ይመስላል። ከብል እንዲተርፍ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ወደ ማድራስ የሚሄድ ሰው አላገኘሁም። ከአሌያማ ደብዳቤ አልመጣም። ለማድራሱ ጉዞ አትቸኩል። ፈቃድህ ለራስህ ዕረፍት ይሁንህ፤ ከስተሃል ብሎኛል ታምፒ።

የአይጡ ነገር ይኸው ነው፤ ገባ፣ ደፋሁት። ታምፒ ልጅ ሳለም ወሬ አይቋጥርም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ዳር ካለው ንባብ ቤት መጽሐፍ እዋሳለሁ። መምህር አቹታን ይመርጡልኛል። አባባ «ሩዙ አረረ፣ እሷ ገጽ ላይ ነች» እያሉ ለጎረቤት ያሙኛል። ያው እንደምታውቀን ነን።

እትዬህ፣
ሶሳማ


ኩዌት፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1979

ይድረስ ለወይዘሮ ሶሳማ ቫርኪ፣

እግዚአብሔር ለሁላችንም ጤና ይስጠን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስተኛው ጠፋ ብለዋል፤ የታምፒ እናት ግን በዚያው ሰሞን ሁለት ደብዳቤ ልካለች፣ ሁለቱም ደርሰዋል። ይሁን።

ባለፈው ዓርብ ታምፒ የአገራችንን ሳምንታዊ መጽሔት ይዞ መጣ። እዚህ አንዱን ቅጂ እስኪበጣጠስ የሰፈር ሰው ሁሉ ነው የሚያነበው። በውስጡ ኤም. ኤስ. ፑዛካራ የሚባል ሰው የጻፈው አጭር ልብ ወለድ አለ። ታምፒ ጮክ ብሎ አነበበልን። አንዲት መበለት ለጸሎተ ሐሙስ ያዘጋጀችውን የሩዝ ሊጥ ወስዳ ሙዝ ሥር ትደፋለች። ጎረቤቷ ስትጠይቃት «አይጥ ገባበት» ትላለች። የባሏ አባት በረንዳ ላይ ተቀምጠው «እስቲ ዛሬ ማን ቀደመኝ?» እያሉ የሟቾችን ገጽ ያስነብቧታል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ወጥ ሠሪያችን ማታይ፣ ማማሰያውን እንደያዘ። «ይሄ የኩሩቪላ ቤት አይደለም እንዴ?»

«አይጡን ባላየውም ዝናውን ሰምቻለሁ» አለ ታምፒ።

«ኩሩቪላ፣ ለአይጡም ከክፍያው ይድረሰው በላቸው!» አለኝ ማታይ።

ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። የአባባን አነጋገር ሳይቀር ማን ነገረው? በዚያ ቤት ያሉት አባባና እርስዎ ናችሁ። አባባ ከበረንዳው አይወርዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጡት እርስዎ ነዎት። ሰውየው የብዕር ስሙን እንኳ ፑዛካራ፣ «ወንዝ ዳር» ማለት፣ ብሎ ሲያወጣ አላፈረም፤ ንባብ ቤቱ የቆመው የት ነው? መምህር አቹታን ሚስት የሌላቸው ሰው ናቸው፣ እርስዎ ባል የሞተብዎት ሴት ነዎት። መጽሐፍ የሚያውሱዎት በቤታችን ወሬ ልዋጭ ከሆነ ይንገሩኝ፤ መጽሐፉን ከዚህ እኔ ገዝቼ እልክልዎታለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ውሸቱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሴትየዋ የማትጋግረው ቤቱ ሐዘን ስላለበት ነው። ማንም ያልሰማው ሞት አለ፤ የማን እንደሆነ አይናገርም። እኛ ቤት በዚህ ዓመት ማን ሞተ? ሰውየው ታሪኩ እንዲሸጥለት ሞት ጨመረበት።

የአሌያማን አድራሻም አልላኩልኝም።

ኩሩቪላ


ኮቺላት ቤት፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኩሩቪላ፣

ሰላምህ እንዲበዛ እጸልያለሁ። «ወይዘሮ» አልከኝ። እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ አንተ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር፤ የዓሣውን አጥንት እየለቀምኩ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ። አንቱ ስትለኝ ደብዳቤው ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አድራሻውን አየሁ።

መምህር አቹታን የቤታችንን ወሬ ከእኔ ሰምተው አያውቁም። ስለ መጽሐፍ እንኳ ብዙ አያወሩም። «ይሄኛው ይሻልሻል» ይላሉ፣ ያስፈርሙኛል፣ ይሰጡኛል። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጋዜጣ ይሻማሉ። እዚያ መሐል ምን ምስጢር ይወራል?

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያየውንም ያላየውንም ያደባልቃል። ፑዛካራ ማንም ይሁን ተወው። ብቻ በመምህሩ ላይ ሰው እንዳታስነሳ እለምንሃለሁ። አባባ ሰላም ብለውሃል። አድራሻውን እፈልጋለሁ።

ሶሳማ


ኩዌት፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1979

ይድረስ ለወይዘሮ ሶሳማ፣

ጤና ይስጥልኝ። «ማንም ይሁን ተወው» ይላሉ። ባያውቁት ኖሮ «ማን ይሆን?» ነበር የሚሉት። ስለዚህ ያውቁታል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ቦታ ላይ «አላውቀውም» አላሉም።

ለታምፒ ታላቅ ወንድም ለፖታን ጽፌያለሁ። ለንባብ ቤቱ ኮሚቴም እንዲነግር አድርጌያለሁ። መምህሩ ወይ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ወይ ቁልፉን ያስረክባሉ። በአባባ ሽምግልና የሚቀልድ ሰው በእኛ መንደር መጽሐፍ አይጠብቅም።

አድራሻውን ደግሞ «እፈልጋለሁ» ይላሉ። አድራሻ ገመድ በጥሶ የጠፋ ላም ነው እንዴ የሚፈለገው? አሌያማ ከእኔ ተቀይማለች? ነው ወይስ በመካከላችን የገባ ሰው አለ? እኔ አንድ እህት ነው ያለኝ። ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ አድራሻ ኖረም አልኖረም ማድራስ እሄዳለሁ። እሷም ነርስ ናትና ሆስፒታል ሆስፒታሉን እየዞርኩ ነርሶቹን እጠይቃለሁ።

ኩሩቪላ


ኮቺላት ቤት፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኩሩቪላ፣

እግዚአብሔር ቁጣህን ያብርድልኝ።

ፖታን ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ንባብ ቤት ገባ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ መጽሐፍ እየመረጥኩ ነበር፤ አላየኝም።

«ፑዛካራ አንተ ነህ?» አላቸው። ያስተማሩትን መምህር፣ አንተ ብሎ።

«እኔ የሰው ፊደል ሳርም ነው ያረጀሁት፤ የራሴ ታሪክ ቢኖረኝ ምን ነበረበት» አሉት።

«አትቀልድ! ማነው ታዲያ?»

«አውቀዋለሁ፤ አልነግርህም። ይልቅ አንተ ያኔ የወሰድከውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ መልስ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ፖታን የተናደደው በሳቁ ነው መሰለኝ። መነጽራቸውን ከዓይናቸው ላይ መንጭቆ በመስኮት ወንዙ ውስጥ ጣለው። መምህሩ በእጃቸው ጠረጴዛውን እየዳበሱ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ኮሚቴው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያባርራቸው ተቀጣጠረ።

እሁድ ሄድኩ። ሴት በዚያ ስብሰባ ገብታ አታውቅም። «ፑዛካራ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እትዬ ሶሳማ፣ ፀሐዩ መትቶሽ ነው?» አለ ፖታን። «አንቺ አራተኛ ክፍል መቼ ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። የአንተ እናት ግን የጎመኑን ዘር ከእኔ ተበድራ አልመለሰችም፤ እሱን ያልጻፍኩት አዝኜልህ ነው።» ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ያን ያህል ቃል በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ቀጥሎ የሚወጣውን ታሪክ መጀመሪያውን በቃሌ አልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። መምህሩ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ መነጽሩን እኔ አሠራለሁ።

እውነቱ ይኸው ነው። ንባብን ያስተማረኝ የደረቅ ዓሣ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ዓሣውን አጥቤ ወረቀቱን ከማድረቅ ጀመርኩ። ቫርኪ ሲሞት ሰዉ ሁሉ አለቀሰልኝ፤ ለቅሶው ሲያበቃ ግን ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ጃንጥላው በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ስለ ጃንጥላው ጻፍኩ። ያ የመጀመሪያው ነው። የምጽፈው ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው፤ ሩዙ እስኪበስል አንድ ገጽ ይወጣኛል። አባባ አረረ የሚሉት ሐሰት የለውም። መምህሩ ፊደሉን ያርሙና ፖስታ ቤት ያደርሱልኛል። «ይሄ እውነት ነው?» ብለው አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ኤም የእናቴ ስም ነው፣ ኤስ የእኔ። አዘጋጁ «ክቡር አቶ ፑዛካራ» እያለ ይጽፍልኛል፤ አቶ መሆኔ ስለተመቸኝ ዝም አልኩ።

ከተቆጣህ በእኔ ተቆጣ። ማድራስ ግን አትሂድ።

ሶሳማ


ኩዌት፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1979

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለታምፒ አነበብኩለት። የጎመን ዘሩ ላይ ስደርስ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ መጽሔቱን ከፍራሼ ሥር አወጣሁት።

መምህሩ ጽፈውት ቢሆን ሞቱን የጨመሩት እሳቸው ናቸው ብዬ እተኛ ነበር። አንቺ ከሆንሽ ግን የጨመርሽው የትኛውን ነው? ሊጡን ደፍተሻል። አይጡ የለም። የታምፒን እናት ሊጥ እምቢ ብለሽ የተጋገረውን ተቀብለሻል። ይህን ለማታይ ነገርኩት። ማማሰሉን አቆመ።

«ሊጥ እምቢ ብሎ የተጋገረ የሚቀበል፣ ሞት የገባበት ቤት ነው» አለኝ። «እዚህ ስትቆይ ይሄም ጠፋህ?»

አልጠፋኝም። እናቴ በሞተች ዓመት ከየቤቱ የመጣልንን ቂጣ በልቻለሁ። ሜይ ላይ ታምፒ ሲነግረኝ እንዴት ሳቅኩ?

ቲኬቱን መለስኩ። እትዬ፣ ማን ሞተ? ስሙን ብቻ ጻፊልኝ። ታሪክ አትጻፊልኝ።

ኩሩቪላ


ኮቺላት ቤት፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1980

ኩሩቪላ ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ልብህን ይያዝልኝ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ማታይ አጠገብህ ይሁን።

አሌያማ ሞታለች። ባለፈው ፌብሩዋሪ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ማድራስ፣ በወሊድ። ሕፃኑም አልተረፈም። ባሏ ቴሌግራም ላከ። አባባ በረንዳው ላይ አስነበቡኝ። «እኛ ቤት እሷ ከሞተች ቆየች። ሌላ ለቅሶ የለም። ለኩሩቪላም አይጻፍ» አሉ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጣጠፉት፤ የት እንዳደረሱት አላየሁም።

ከዚያ በፊት፣ በሰባተኛ ወሯ ጽፋልኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ እናት ስለሌላት እኔ መጥቼ እንድወስዳት ለመነችኝ። አባባን ጠየቅኩ፣ እምቢ አሉ። እኔም መልስ አልጻፍኩላትም። እምቢታውን በእጄ መጻፍ አስጠላኝ፤ ሳትጠብቀኝ አትቀርም። ለማላውቃቸው ሰዎች ገጽ በገጽ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ለእሷ አንድ መስመር አልላክኩም። ይህን ታሪኩ ውስጥ አላገኘኸውም። ልጽፈው አልቻልኩም።

ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ እንደ ልማዴ ሩዙን ዘፈዘፍኩ፣ ፈጨሁ። የሆሳዕናውን ዘንባባ በመስቀል ቅርጽ ሊጡ ላይ ላኖር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሞታ እያለች እንዳልሞተች አስመስዬ መጋገር ነው እኮ። ወስጄ ደፋሁት። ማታ የታምፒ እናት ያመጣችውን ስቀበል ብቻዬን ለቅሶ መቀመጤ ነበር። አንድ ሰው ቢገባው ብዬ ፊቷን አየሁት። «ድመት ያዢ» ብላኝ ሄደች። ስለዚህ ጻፍኩት።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ጋዜጣውን ጨርሼ መጽሔቱን አወጣሁ።

«አባባ፣ ታሪክ ላንብብልዎ?»

«የሞተ ሰው አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ቀጥይ።»

አነበብኩ። ታሪኩ ውስጥ ምራትየዋ ሊጡን ስትደፋ አባትየው ተኝቷል። እዚያ ስደርስ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ተኝቷል ይላል?»

«ይላል፣ አባባ።»

«ተሳስቷል። አልተኛም ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ሙዞቹ አዞሩ፤ ማየቱን አያዩም። «ስትደፊው ሰምቼሻለሁ። ማታም ቂጣው ከሰው ቤት የመጣ መሆኑን አውቄ ነው ባርኬ የቆረስኩት። ሳልሞት ምን አስተካክዬ ልሂድ ብዬ እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ እንጃ።»

መጽሔቱን አጠፍኩት።

«ተዝካሯ መቼ ይውላል?» አሉኝ።

«በሚመጣው ወር ነው።»

«ቄሱ የሚጠሩት ስም በወረቀት ይፈልጋሉ። እኔ አይታየኝም፤ አንቺ ጻፊ።»

ወረቀት አመጣሁ፣ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። ስሟን ከአፋቸው ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል፤ ይሉታል ብዬ አላመንኩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብለው አሉልኝ።

«አ። ሌ። ያ። ማ።» እስክጽፍ ጠበቁኝ። «የኮቺላት ቤት ልጅ፣ በይበት።»

ጻፍኩ።

እትዬህ፣
ሶሳማ